ድፎና ሻማ፦ የሕፃን ልደት በቤት

የልጅን ልደት በየዓመቱ ማክበር በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ አይደለም። ድሮ «ልደት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ታኅሣሥ 29 የሚከበረው የክርስቶስ ልደት ነበር። ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ በሙስሊሙ ዘንድ በ7ኛው ቀን ዓቂቃ ይታረዳል። ከዚያ በኋላ ዓመት ቆጥሮ የሚደግስ ብዙ አልነበረም። በክርስቲያኑ ቤት ቀኑ የሚታወሰው በታቦቱ ስም ነው፦ «የሚካኤል ዕለት ተወለደ» ከተባለ 12፣ ጊዮርጊስ ከሆነ 23። ዓመተ ምሕረቱ ግን ከእናትየው ትዝታ ጋር የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኬኩም ሻማውም ዜማውም ከውጭ የመጡ ናቸው። ለሕፃን ልደት ኬክ ላይ ሻማ መትከል የጀርመኖች ልማድ ነበር። በአማርኛ ቃላት የሚዘፈንበት የልደት ዜማ ደግሞ ፓቲ ሂልና ሚልድረድ ሂል የተባሉ አሜሪካውያን እህትማማቾች በ1893 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የጠዋት ሰላምታ እንዲሆን ያሳተሙት ነው።

በዓሉን የአገር ቤት ያደረገው ድፎው ነው። ሊጡ ከዋዜማው ይቦካል፤ በማግስቱ ኮባ ተነጥፎ ሲጋገር ቤቱን የሚሞላው ሽታ ለልጁ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ቀኑ የተለየ መሆኑን ይነግረዋል። ዳቦውን የሚቆርሰው በዕድሜ የሚበልጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያት ነው። ከመቆረሱ በፊት ይመረቃል፤ ልጁ ጉልበት ይስማል፣ «እደግ ተመንደግ» ይባላል፣ ቤቱ በሙሉ «አሜን» ይላል። የሦስት ዓመት ልጅ የምርቃቱን ቃል ላይረዳው ይችላል፤ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ መሆኑን ግን በደንብ ያውቃል። ምርቃቱ ከኬኩ ቢቀድም ይሻላል፤ ክሬም የቀመሰ ሕፃን ለምርቃት አይቆምም።

ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ድፎው ሌላ ችግር ያቃልላል፤ ወተትም ቅቤም እንቁላልም ስለሌለው የሚጾመውም እንግዳ ይበላዋል። ለኬኩ ግን የጾም ተብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ቡናው ሲፈላ የሚበተነው ፈንዲሻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ በደንብ ስለማያኝክ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ ትንታ ሊሆኑበትና አየር ሊዘጉበት ይችላሉ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ ወዲያው መለቀም አለበት። የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ በእንግዳ ብዛትና በድምፅ ማጉያ ቶሎ ይደክማል፣ ያለቅሳል። እንቅልፉን ከጨረሰ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

በየዓመቱ የሚደገም ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቁመቱን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ማስመር ወይም በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። በከተማ ቀደም ሲል ልጁ ዓመት ሲሞላው አዲስ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤት ይወሰድ ነበር።

በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ቀኑ ራሱ ያከራክራል። መስከረም 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 16 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ግን መስከረም 5 የዋለው ሴፕቴምበር 15 ላይ ነበር። አያት አዲስ አበባ ሆና ከቀኑ በፊት የምትደውለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉም የሚገርመው ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ነው። ቀኑ የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱን በአገሩ አቆጣጠር በቀኑ የሚያገኘው በ2019 መጨረሻ ነው። በፈረንጆቹ ግን ሴፕቴምበር 11 ስለሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ሦስት ዓመታት ሻማው የሚበራው መስከረም 1፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር ነው።