የጣትን ጠባይ የሚሰማ መሣሪያ

የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ ሲያሳርፍ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። በአየር ላይ እንደተወጠረ ይነካዋል፤ ጣቱ ጥቂት ሲነቃነቅ ድምፁ አብሮት ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል። ያንኑ ዜማ በኪቦርድ የሚሞክር ሰው ግን ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ድምፁ ከእጁ ያመልጠዋል። ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ፣ ግራ እጁ ፒች ቤንድ የሚባለውን ጎማ እያሽከረከረ እንጉርጉሮውን ለማምጣት ይታገላል። አንድ ድምፅ ብቻ እስከያዘ ድረስ ይሳካለታል። ሦስት ድምፆችን አንድ ላይ ይዞ አንዷን ብቻ ማንሸራተት ቢያምረው ግን ሦስቱም ተያይዘው ይንሸራተታሉ።

ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሚዲ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሲሆን 16 መስመሮች ነበሩት፤ ድምፅ የማንሸራተት ትእዛዝ የሚሄደውም ለመስመሩ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያለ ድምፅ ሁሉ ይታዘዛል። በ2018 የጸደቀው ኤም ፒ ኢ የተባለ ደንብ ለዚህ ቀላል መላ አመጣ፤ ለተነካ ድምፅ ሁሉ የራሱን መስመር ሰጠው። አንዱ ጣት ሲንሸራተት ሌላው ባለበት ይጸናል።

በዚህ ደንብ የሚሠሩ ኮንትሮለር የሚባሉ መጫወቻዎች ዛሬ ብዙ ናቸው፣ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። ሸማቹ አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ብዙ ነገር እንደሚሠራ ይጠይቃል። የሚበጀው ግን የገዛ እጁ ምን እንደለመደ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ፈረንሳዊው ሞሪስ ማርትኖ ሴሎ ተጫዋች ነበር። በ1928 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳየው የኤሌክትሪክ መሣሪያም የሴሎ ተጫዋች ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ጣት ላይ የሚጠለቅ ቀለበት በክር ላይ እየተጎተተ ድምፁን ያንሸራትታል። በኋላ በተሠሩት ላይ ደግሞ ቁልፎቹ ራሳቸው ወደ ጎን እየተወዛወዙ ድምፁን ያርገበግባሉ። ማርትኖ እጁ የለመደውን ይዞ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የገባው።

ዕድሜውን በፒያኖ ወይም በኪቦርድ ላሳለፈ ሰው የዚያ ሐሳብ የቅርብ ወራሽ ኦስሞዝ ነው። ኤክስፕሬሲቭ ኢ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ይሠራዋል። 49 ቁልፎቹ ሲታዩ የፒያኖ ናቸው፤ ሲነኩ ግን ወደ ጎን ይወዛወዛሉ፣ መጨረሻ ደረሱ ሲባልም ጠለቅ ብለው ሌላ ግፊት ይቀበላሉ። የለንደኑ ሮሊ ኩባንያ ሲቦርድ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ቁልፎቹ በለስላሳ ሲሊኮን ተሸፍነው እንደ ሞገድ የተያያዙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መንሸራተት ያስደስታል። ለፈጣን ሩጫ ግን የፒያኖ ጣት እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል፤ የቆየ ኪቦርዲስት ይህን አስቦበት ቢገዛ ይሻላል።

ጊታርና ቤዝ የለመደ እጅ ሌላ ቤት አለው። በ1980 ኤል ኤም 1 የተባለውን የከበሮ ማሽን ያወጣው አሜሪካዊው ሮጀር ሊን፣ በ2014 ሊንስትሩመንትን ለገበያ አቀረበ። በ8 ረድፍ 200 ትንንሽ ካሬዎች ተደርድረውበታል፤ ረድፎቹ እንደ ቤዝ ጊታር ክሮች በአምስት በአምስት ግማሽ ድምፅ ርቀት የተቃኙ ናቸው። ጊታሪስት አንድ የኮርድ ቅርጽ ካወቀ፣ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ወደ ፈለገው የድምፅ ከፍታ ይሸጋገራል። የራሱ ድምፅ ግን የለውም፤ ከኮምፒውተር ወይም ከሲንተሳይዘር ጋር መገናኘት አለበት።

ለማሲንቆ እጅ ከሁሉም የሚቀርበው ሊፖልድ ሃከን የፈጠረው ኮንቲንዩም የተባለው መሣሪያ ይመስላል። ቁልፍም ካሬም የለበትም፤ ጠፍጣፋና ለስላሳ ገጽ ብቻ ነው። ድምፁ ትክክል መሆኑን የሚዳኘው ጆሮ ነው። ያ ነፃነት ለኪቦርዲስት ያስፈራል፤ ቅኝቱን በጆሮው ሲያስተካክል ለኖረ ሰው ግን የዘወትር ሥራው ነው።

ትንፋሽ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። መለከት ተጫዋቹ ናይል ስታይነር የፈጠረውን ኢዊ የጃፓኑ አካይ በ1987 ለገበያ አቅርቦታል፤ ሳክስፎኒስቱ ማይክል ብሬከርም ስሙን አስጠርቶታል። ዋሽንት ነፊ ትንፋሹ ወዲያው ይገባለታል፤ የሚያስቸግረው ጣቱ ነው። በዋሽንት ቀዳዳውን በግማሽ ከፍቶ ድምፅ ማንሸራተት ይቻላል፤ የኢዊ ቁልፍ ግን ተነካሁ ወይም አልተነካሁም ከማለት ሌላ አያውቅም፣ ሳያስቡት ያረፈ ጣትም ድምፅ ይለውጣል። ማንሸራተቻው በአውራ ጣት በኩል ነው። በአንጻሩ ነፊ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ስለሚያወጣ የኤም ፒ ኢ ጉዳይ አያስጨንቀውም፤ የ1983ቱ ሚዲ ይበቃዋል።

አንዳንዱ እጅ ውድ ዕቃ ጨርሶ አያስፈልገውም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ ባወጣው ካሴት አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዷል። የአኮርዲዮን ነፍስ ያለው በወናፉ ነው፤ ክንድ ሲገፋ ድምፁ ያድጋል፣ ሲላላ ይከስማል። ወደ ኪቦርድ የዞረ አኮርዲዮኒስት የሚናፍቀው ይህንኑ ከሆነ፣ በእግር የሚረገጥ ኤክስፕሬሽን ፔዳል ብዙውን ይመልስለታል፤ ዋጋውም ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነው።

ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ከመክፈሉ በፊት የድምፅ ፕሮግራሙ ኤም ፒ ኢ መቀበሉን ይይ። ኤብልተን ላይቭ ለምሳሌ ከ11ኛው እትም ጀምሮ ይቀበላል። የማንሸራተቻው ስፋትም በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለበት፤ በደንቡ የተለመደው 48 ግማሽ ድምፅ ነው። ኮንትሮለሩ 48 ሲል ፕሮግራሙ 2 ላይ ከተተወ፣ አንድ ሙሉ ኦክታቭ የተንሸራተተ ጣት የሚያወጣው የግማሽ ድምፅ እንኳ የማይሞላ ለውጥ ነው፤ ገዢውም መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቁ ይመልሰዋል።