ዓሣ የያዘው ፓፊን

የፋርን ደሴቶች በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኖርዘምበርላንድ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በሰሜን ባሕር ላይ የሚገኙ ትናንሽ ዓለታማ ደሴቶች ናቸው። ቁጥራቸው ቋሚ አይደለም፤ ባሕሩ ሲሞላ 15 ያህል፣ ሲሸሽ ደግሞ 28 ያህል ይሆናሉ። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይጠብቃቸዋል። ከጥቂት ጠባቂዎች በቀር ነዋሪ የላቸውም። በየዓመቱ ከመጋቢት አጋማሽ አንስቶ ግን የብርዱን ወራት በባሕር ላይ ሲንሳፈፉ የከረሙ ወፎች እንቁላል ለመጣልና ጫጩት ለማሳደግ ይመጡባቸዋል፤ በሰኔ ቁጥራቸው ወደ 200,000 ይጠጋል። ካሜራ አንግቶ ለሚሄድ ሰው በመላው ብሪታንያ የባሕር ወፍን እንደዚህ በቅርብ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ፓፊን ነው፤ ከፓፊንም ዓሣ በአፉ ደርድሮ የመጣው።

ፓፊን ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የማይደርስ፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ወፍ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ብርቱካናማ ነው። በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ግራጫ የተዥጎረጎረው ሰፊ ምንቃሩ የመራቢያ ወቅት ጌጥ ነው፤ ወቅቱ ሲያበቃ የምንቃሩ ደማቅ ሽፋን ይረግፍና ወፉ እስከሚቀጥለው ዓመት ደብዘዝ ባለ ቀጭን ምንቃር ይቆያል። ክንፉ አጭር ነው፤ ለመብረር ብቻ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ለመቅዘፍም ይጠቀምበታልና። በዚህ ክንፍ እስከ 60 ሜትር ጠልቆ ዓሣ ያሳድዳል። አየር ላይ ሲሆን ደግሞ እንዳይወድቅ በደቂቃ እስከ 400 ጊዜ ማርገብገብ አለበት፤ ፍጥነቱም በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፎቶ አንሺን የሚፈትነው ይህ ፍጥነት ነው።

ጥንዶቹ አፈር ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ በዓመት አንዲት እንቁላል ብቻ ይጥላሉ። ተራ በተራ እየታቀፉ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው ይፈለፍሏታል፤ ጫጩቷንም ሌላ ስድስት ሳምንት ያህል ዓሣ እያመላለሱ ይመግቧታል። ዋናው ምግብ ሳንድ ኢል የሚባለው ቀጭን፣ ብርማ፣ ቅባት የሞላበት ዓሣ ነው። ፓፊን አንዱን ዓሣ ይዞ ሌላውን ሲያድን የመጀመሪያው የማያመልጠው በምላሱና በላንቃው መካከል ስለሚያጣብቀው ነው፤ ላንቃው ላይ ወደ ኋላ የተቀሰሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። በአንድ ጉዞ አሥር ያህል ይይዛል፤ 62 ዓሣ ይዞ የተገኘም አለ። በቅርብ የተነሳ ጥሩ ፎቶ ላይ የዓሦቹ ራስና ጅራት ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ፣ ዓይናቸው እንኳ ተለይቶ ይታያል።

ወደ ደሴቶቹ የሚወስዱት ጀልባዎች የሚነሡት ሲሃውዝስ ከምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ ነው። ጀልባው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አያወርድም፤ መጀመሪያ በደሴቶቹ መካከል እየዞረ ገደሎቹን ያሳያል። ከሩቁ የሚታየው ሎንግስቶን የተባለው የመብራት ማማ፣ በ1838 ግሬስ ዳርሊንግ የተባለችው የጠባቂው ልጅ ከአባቷ ጋር በቀዘፋ ጀልባ ወጥታ፣ ከተሰበረው ፎርፋርሻየር መርከብ የተረፉትን ያዳነችበት ነው። ማረፊያው ኢነር ፋርን የተባለው ደሴት ደግሞ መነኩሴው ቅዱስ ካትበርት በ687 ያረፈበት ነው። ይህ አባት በደሴቱ የሚፈለፍሉትን ኤይደር ዳክዬዎች ይጠብቅ እንደነበር ይነገርለታል፤ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ ዳክዬዎቹን በእሱ ስም ይጠራቸዋል።

ከጀልባ ላይ ፎቶ ማንሳት አስቸጋሪ የሚሆነው ወፉም አንሺውም አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ነው። ትሪፖድ እዚህ አይረዳም፤ የሞተሩን ንዝረት እንዳለ ወደ ካሜራው ያሳልፋል። የጀልባውን ጠርዝ መደገፍም ያው ነው። የሚሻለው እግርን ከፈት፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ፣ ክርንን ከጎን ጋር አጣብቆ በራስ ሰውነት ማዕበሉን መቀበል ነው። ጀልባው ማዕበሉ አናት ላይ ሲደርስ ለቅጽበት የሚረጋበት ጊዜ አለ፤ የለመዱ ሰዎች የሚያነሱት ያኔ ነው። የሹተር ፍጥነቱ ከሰከንድ 1/1600 ባይቀንስ ጥሩ ነው። ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ዙም ሌንስ ለጀልባ ይመቻል፤ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን በሚንገላታ ወለል ላይ ወፉን ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ያታግላል። የባሕር ርጭት ሌንስ ላይ ሲደርቅ ጨው ይሆናል፤ በደረቅ ጨርቅ ቢጠርጉት መስተዋቱን ይጭራል። ስለዚህ አስቀድሞ ንጹሕ ውኃ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ማራስ ያስፈልጋል፤ ጀልባ ላይ እያሉ ሌንስ አለመቀየርም ይበጃል።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ከፓፊን በፊት የሚታዩት ጊለሞት የተባሉት ወፎች ናቸው። በባዶ ዓለት ላይ እንደ ጥምቀት ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ጎጆ አይሠሩም፤ አንዷን እንቁላላቸውን ድንጋዩ ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ሾጣጣ በመሆኑ በጠባቡ እርከን ላይ ቶሎ አይንከባለልም። ጫጩቱ ገና በደንብ መብረር ሳይችል፣ በሦስት ሳምንት ዕድሜው ገደማ፣ አባቱ ከታች ባሕሩ ላይ ሆኖ እየጠራው ከገደሉ ይዘላል። በዚያው ገደል ሬዘርቢል የተባለው ወፍና ጋል ከሚባሉት የባሕር ወፎች ወገን የሆነው ትንሹ ኪቲዌክ ይገኛሉ፤ ሻግ የሚባለው ረጅም አንገት ወፍም ከጀልባው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ይቀመጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር የሚመስለው ሻግ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ላባው አረንጓዴ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑም እንደዚያው ነው። ሰው ሁሉ ለፓፊን ሲሽቀዳደም የሚያልፈው ይህ ወፍ ሌንስ ሊዞርለት የሚገባ ነው።

ብርሃን ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የብዙ ሰው ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ፓፊንም ጊለሞትም በአንድ ገላ ላይ ድፍን ጥቁርና ንጹሕ ነጭ ይዘዋል። ከኋላ ጥቁር ባሕር ወይም ጥቁር ዓለት ሲኖር ካሜራው ጨለማ ያለ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ የደረቱም ነጭ ላባ አንድም መስመር ሳይታይበት ይነጣል። የነጣ ቦታ ደግሞ በኋላ በኮምፒዩተር አይመለስም። በፀሐይ ሰዓት ኤክስፖዠሩን ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ዝቅ ማድረግ ይህን ያድናል፤ የጠቆረውን ጀርባ በኋላ ማብራት ይቻላል። ቀጭን ደመና የሸፈነው ሰማይ ግን ከሁሉ ይሻላል። ቱሪስቱ ፀሐይ ባለመኖሩ ሲያዝን፣ የነጩም የጥቁሩም ላባ ዝርዝር አብሮ የሚወጣው በዚያ ቀን ነው። ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ መኖሯን ማየትም አይረሳ፤ ያለ እሷ የወፉ ፊት ሕይወት ያጣል።

ኢነር ፋርን ላይ ሲወርዱ ሁኔታው ይገለበጣል። ወፎቹ ሰው ለምደዋል፤ ፓፊን ከእንጨት መተላለፊያው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሊቆም ይችላል። ብዙዎቹ ትልልቅ ሌንሶች በዚህ ርቀት ፎከስ ማድረግ አይችሉም፤ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ሌንስ ይበቃል። ከቆሙበት ወደ ታች የተነሳ ፎቶ ወፉን አሳንሶ ሣር ላይ ይለጥፈዋል። ተንበርክኮ ወይም ቁጭ ብሎ በወፉ ዓይን ከፍታ ሲያነሱ ግን ከኋላ ያለው ሣርና ባሕር ደብዝዞ ወፉ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

የሚበር ፓፊንን ለመያዝ የሹተር ፍጥነቱን ወደ 1/2500 ወይም 1/3200 ከፍ ማድረግ፣ ለዚህም አይ.ኤስ.ኦውን መጨመር ግድ ነው። ከካሜራው ይልቅ የሚረዳው ግን ነፋሱን ማወቅ ነው። ወፍ ሲያርፍ ነፋስን ተጋፍጦ ነው፤ ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባው የሚመታው ፎቶ አንሺ፣ ወፎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ሲመጡ ያገኛቸዋል። ፓፊኖች ከማረፋቸው በፊት አንድ ዓይነት መስመር ይዘው ደጋግመው ይዞራሉ። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መስመሩን ያጠና ሰው፣ አንዱን ወፍ ከሩቅ መርጦ፣ ፎከሱን ሳይለቅ እስኪቀርብ መከተል ይችላል። ያጋጠመውን ሁሉ የሚያሳድድ ግን ባዶ ሰማይ ይዞ ይመለሳል። ለልምምድ ረጋ ብለው በነፋስ ላይ የሚንሳፈፉት ኪቲዌኮች ይሻላሉ።

አርክቲክ ተርን የተባሉት ወፎች ደግሞ ማሳደድ አያስፈልጋቸውም፤ ራሳቸው ይመጣሉ። ከግንቦት አንስቶ ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ መሬት ላይ እንቁላል ስለሚጥሉ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየተወረወሩ ራሱ ላይ ይወጉታል፤ ምንቃራቸው ደም ያወጣል። ወፍራም ባርኔጣ የግድ ነው። ከራስ በላይ ተንሳፍፎ የሚጮኸውን ተርን በ24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ከነሰማዩ ማንሳት ይቻላል። ይህች 100 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ የምትጓዘው ርቀት ማመን ያቅታል፦ በ2015 ሐምሌ ከፋርን ደሴቶች የተነሳች አንዲት ተርን፣ እግሯ ላይ በታሰረ ትንሽዬ መሣሪያ እንደተመዘገበው፣ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወርዳ፣ ደቡብ አፍሪካን ዞራ፣ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጣ አንታርክቲካ ደርሳ በ2016 ግንቦት ስትመለስ 96,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርራለች።

ዓሣ የያዘው ፓፊን የሚመጣው ጫጩቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ባሉበት በሰኔ ነው። ይህ ወፍ አይዘገይም። ጉድጓዱ አጠገብ ዱብ ብሎ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ሮጦ ይገባል፤ ምክንያቱም ዓሣውን ለመንጠቅ ጋሎች አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ። በወፉና በጉድጓዱ መካከል ሰው ሲቆም ግን ለማረፍ ይፈራል። ደጋግሞ ይዞራል፤ ካረፈም ዓሣውን እንደያዘ አንገቱን እያሰገገ ይቆማል። ዓሣ ይዞ ለረጅም ጊዜ የቆመ ፓፊን ለፎቶ የተመቸ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መንገድ የተዘጋበት ወፍ ነው። በዚያች ቅጽበት ጋል ቢነጥቀው፣ ወይም ደክሞት ዓሣውን ቢውጠው፣ ጫጩቷ ያንን ምግብ አጣች ማለት ነው። አንድ ወፍ ዓሣ ይዞ ከፊት ለፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ ፎቶ አንሺው ጥቂት እርምጃ መሸሽ አለበት። ሸሽቶም ፎቶውን አያጣም፤ ወፉ ያርፋል፣ ረጅሙ ሌንስም ሥራውን የሚሠራው ያኔ ነው። ፍላሽ ማብራት፣ የወፍ ድምፅ በስልክ ማሰማት፣ ከመተላለፊያው መውጣት የለም፤ ሣሩ ሥር ያለው አፈር በጉድጓድ የተቦረቦረ ስለሆነ የሰው እግር ጫጩትን ከነጎጆዋ ሊደፈጥጥ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ እንዲያው የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2022 የወፍ ጉንፋን ደሴቶቹን መታ፤ ጠባቂዎቹ ከ6,000 በላይ ሬሳ ሰበሰቡ፣ ጎብኚ መውረድም ተከለከለ። ኢነር ፋርን እንደገና የተከፈተው በ2024 ነው። የፓፊኖቹ ቁጥር በ2003 ከ55,000 ጥንድ በላይ ነበር፤ በ2008 ወደ 37,000 ወረደ፤ በ2024 ቆጠራ ወደ 50,000 ተመልሷል። በዓለም ደረጃ ግን ዝርያው ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ተመዝግቧል። ባሕሩ ሲሞቅ ሳንድ ኢል የሚመገባቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ይቀንሳሉ፤ ዓሣው ራሱም ለመኖና ለዘይት በብዛት ይጠመድ ነበር። ብሪታንያ በ2024 መጋቢት በሰሜን ባሕር የእንግሊዝ ክልልና በስኮትላንድ ውኃዎች የሳንድ ኢል ማጥመድን ዘግታለች።

ጎብኚዎች የሚያነሱት ፎቶ ለዚህ ጉዳይ ጠቅሟል። የብሪታንያው የወፎች ጥበቃ ማኅበር በ2017 ሕዝቡ ዓሣ የያዘ ፓፊን ፎቶ እንዲልክለት ጠየቀ፤ 602 ሰዎች 1,402 ፎቶ ላኩ። ተመራማሪዎቹ ከፎቶዎቹ የዓሣውን ዓይነትና መጠን እየለዩ በየአካባቢው ያሉ ጫጩቶች ምን እንደሚበሉ አወዳደሩ፤ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ደሴቶች አንዳንድ ቦታ ወላጆቹ ትልልቅ ዓሣ ለማግኘት እንደተቸገሩ ታየ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ፎቶው የግድ ማማር አይጠበቅበትም። ምንቃሩ ከጎን መታየት፣ ዓሦቹ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ፎከስ ውስጥ መሆን፣ ቀኑና ቦታውም አብሮ መመዝገብ አለበት።