ሕዝቡ ያልተቀዳበት የአምልኮ ቀረጻ

ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው። ተናድጃለሁ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ይደግመዋል።

ለሚክሲንግ የተላከልኝን ሃርድ ዲስክ ከፈትኩ። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ኳየር፣ ጎበዝ ባንድ፣ ብዙ የተለፋበት የላይቭ ቀረጻ ነው። ትራኮቹን አንድ በአንድ አዳመጥኩ። ድራሙ ንጹሕ ነው፣ ቤዙ ጥሩ ነው፣ የዘማሪዎቹ ድምፅ ሳይበላሽ ገብቷል። ሕዝቡ ግን የለም። ወደ ሕዝቡ የዞረ አንድም ማይክ የለም። ደውዬ ስጠይቅ «ተተክለው ነበር፤ ቪዲዮ የሚመራው ልጅ ካሜራ ውስጥ ይገባሉ ብሎ ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል አስነሳቸው» ተባልኩ። ቀጥሎም፦ «ችግር የለውም አይደል? ሚክሲንግ ላይ ሕዝብ ትጨምርበታለህ።»

ችግር አለው።

ከመዝሙሮቹ በአንዱ መሃል ላይ አምልኮ መሪው ዝም ይላል። ባንዱ ይወርዳል፣ ድራመሩ ያቆማል፣ አዳራሹ በሙሉ አዝማቹን ብቻውን ይዘምራል። ቪዲዮው ላይ እጃቸውን ያነሱ፣ የሚያለቅሱ፣ በሙሉ ድምፃቸው የሚዘምሩ ሰዎች ይታያሉ። ድምፁ ላይ ያለው የኪቦርድ ፓድና በመሪው ማይክ በኩል የሾለከ የሩቅ ጉርምርምታ ነው። የዚያ ቀን ትልቁ ሰዓት እሱ ነበር፤ አልተቀዳም።

«ሕዝብ ጨምር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፦ ከኢንተርኔት የሚወርድ፣ ሌላ አገር ስታዲየም ወይም ኮንሰርት ላይ የተቀዳ ጩኸትና ጭብጨባ አለ። እሱን ከሥር መለጠፍ ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም። ኳስ ሊያይ የተሰበሰበ ሰው ያሰማውን ጩኸት፣ እግዚአብሔርን ሊያመልክ ከተሰበሰበ ሰው አፍ እንደወጣ አድርጎ ማቅረብ ውሸት ነው። በመዝሙር ሥር ሲቀመጥ ደግሞ የባሰ ውሸት ነው። ለጆሮም ያስታውቃል፤ እልልታ የለውም፣ ፉጨት አለው፣ ጭብጨባው ከችክችካው ጋር አይሄድም።

ወደ ሥራው ልግባ። ኬብል ፈትሹ፣ ባትሪ ቀይሩ፣ ኮንደንሰር ማይክ ፋንተም ይፈልጋል እያልኩ ጊዜ አላጠፋም። ይህን የማያውቅ ሰው ሚክሰር ጋ ባይቆም ይሻላል።

1. ከሚክሰሩ ሌፍት ራይት የሚወሰድ ባለ ሁለት ትራክ ቅጂ ለአልበም አይሆንም። አዳራሽ ውስጥ ድራም ያለ ማይክም ይሰማል፤ የጊታር አምፕም እንዲሁ። ስለዚህ ሳውንድ ማኑ እነሱን በሚክሰሩ ላይ ዝቅ አድርጎ የዘማሪውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ትክክል ነው፤ እሱ የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው። ያንኑ ቅጂ ቤት ወስዳችሁ ስትከፍቱት የዘማሪው ድምፅ ብቻውን ወደ ፊት ወጥቶ ድራሙ ከሩቅ ይሰማችኋል። ከዚያ ሳውንድ ማኑ ይወቀሳል። አትውቀሱት፤ እያንዳንዱ ማይክ በየራሱ ትራክ ይቀዳ። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማየው ቤሪንገር ኤክስ 32 በአንድ የዩኤስቢ ገመድ 32 ትራክ ወደ ላፕቶፕ ይልካል። ገንዘቡን ከፍላችሁበታል፤ ተጠቀሙበት።

2. ጌይን። ልምምድ ላይ የሚዘምር ሰውና አምልኮ ውስጥ የገባ ሰው ድምፅ እኩል አይደለም። ሳውንድ ቼክ ላይ ሜትሩ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤልን እየነካ ከሆነ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ዜሮን ይመታል። ልምምድ ላይ አማካዩ ከዜሮ በታች 18 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን። በ24 ቢት ቀረጻ ዝቅ ብሎ መግባት ምንም አይጎዳም። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጌይን አይነካም፤ አዳራሹ ውስጥ ያነሰ ነገር ካለ በፌደር ይጨመር።

እዚህ ላይ ቲክቶክ ላይ የሚዞር አንድ ወሬ አለ፦ «በ32 ቢት ፍሎት ቅዳ፣ ክሊፕ ቢያደርግም ይመለሳል።» ይህ የሚሠራው ለዚያ ተብሎ በተሠራ መቅረጫ ነው። የእናንተ ሚክሰር ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው በ24 ቢት ነው፤ ክሊፕ ያደረገው ድምፅም የተቆረጠው እዚያው መግቢያው ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ 32 ፍሎት መምረጥ የተቆረጠውን ድምፅ በትልቅ ፋይል ከማስቀመጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ይህን ወሬ አምኖ የዘማሪውን ድምፅ ቀይ ላይ አስቀምጦ የሚልክልኝ ሰው አላጣም። እባካችሁ ለሌላ ሰው አታስተምሩት።

3. የሕዝብ ማይክ። ቢያንስ ሁለት ኮንደንሰር፣ በመድረኩ ግራና ቀኝ ጫፍ፣ ፊታቸው ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸው ወደ መድረኩ። ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ በጣም ቀንሶ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ዋናው ስፒከር ከማይኩ ጀርባ እንዲውል አድርጉ። ከፍታው ከሰው ራስ በላይ፣ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ዝቅ ካለ ፊት የቆመ የአንድ ሰው ድምፅ ተነጥሎ ይገባል፤ ያ ሰው ከቃናው ከወጣ መዝሙሩን በሙሉ ይዞት ይወጣል። አዳራሹ ረጅም ከሆነ መሃል ላይ ሁለት ጨምሩ።

ካሜራ ውስጥ ይገባሉ? ቀጭን ጥቁር ስታንድ አለ። ከስፒከሩ ጎን ማስጠጋት አለ። ከጣሪያው ብረት ላይ ማንጠልጠል አለ። ከቪዲዮ ቡድኑ ጋር ቀደም ብሎ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለ። የሌለው ነገር፣ ሰዓቱ ደርሶ ማይክ ማስነሳት ነው። የድምፅ ሰውን ሳይጠይቅ ማይክ እንዲያስነሳ ለማንም ሥልጣን መስጠት አይገባም።

መሃል አዳራሽ ማይክ የሚተክሉት ደግሞ በኋላ «ሕዝቡን ስጨምር ሙዚቃው ይደፈርሳል» ብለው ትራኩን ያጠፉታል። የሚደፈርሰው ስላላቀናችሁት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከስፒከሩ 20 ሜትር ርቆ የተተከለ ማይክ ሙዚቃውን የሚሰማው 58 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በፈጣን ችክችካ ከስድስቱ ምቶች አንዱ 170 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው፤ የዚህን ሲሶ ዘገያችሁ ማለት ነው። ስኔሩ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ቃላቱ ይደራረባሉ። መፍትሔው የሕዝቡን ትራክ ወደ ግራ ስቦ ማስቀደም ነው። ስኔሩ በራሱ ማይክ ላይ የመታበትን ቦታና ያው ምት በሕዝቡ ማይክ ላይ የታየበትን ቦታ ፈልጋችሁ አገናኙ። የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የኋላ ወንበር ጭብጨባ ግን በዚህ አይቀናም። ከ20 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሙዚቃው ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ በሰማው ላይ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው መድረኩ ጫፍ ላይ ወዳለው ማይክ እስኪመለስ እንደገና ይዘገያል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ110 ሚሊ ሰከንድ ያልፋሉ። ማይኩ ለፊተኞቹ ረድፎች እንዲቀርብ የምወተውተው ለዚህ ነው፤ የቅርቡ ጭብጨባ የሩቁን እንዲሸፍነው።

እልልታም የራሱ ጠባይ አለው። አንዲት እናት ማይኩ ሥር እልል ሲሉ ሜትሩ ካሰባችሁት በላይ ይዘላል፤ ስለዚህ ለሕዝብ ማይክ ከሌላው ሁሉ የሰፋ ክፍት ቦታ ተዉለት። ኮምፕረሰር አስገብታችሁ ጥብቅ ካደረጋችሁት፣ እልልታ በመጣ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ ይሰምጣል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ እዚያ ያለው የቤዝና የኪክ ጉርምርምታ ነው። የቀረውን ፌደሩን በእጅ እየነዳችሁ ሥሩት፦ ስንኙ ላይ ዝቅ፣ አዝማቹ ላይ ከፍ፣ መሪው ዝም ሲል ሙሉ በሙሉ ክፍት።

«አሁን እኮ ኤ.አይ. አለ፣ ሁሉን ይለያየዋል» የሚሉኝም አሉ። ይለያያል፤ የተቀዳውን ነው የሚለያየው። ማይክ ያልነበረበትን የአራት መቶ ሰው ዝማሬ ከየትም አያመጣም።

የሕዝብ ማይክ ቀርቶ ያለቀ ቀረጻ በእጃችሁ ካለ አንድ እውነተኛ መውጫ አለ፦ ካሜራዎቹ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ካሜራ ሁሉ የራሱ ትንሽ ማይክ አለው፤ ድምፁ እንዲገባ ተደርጎ ከሆነ ሕዝቡ እዚያ አለ። ጥራቱ ደካማ ነው፣ ካሜራው ራሱ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ያስቸግራል። ግን በዚያው ሰዓት በዚያው አዳራሽ የዘመረው ሕዝብ ድምፅ ነው። የካሜራው ሰዓትና የሚክሰሩ ሰዓት እኩል ስለማይሄዱ አንዴ አገናኝታችሁ እንዳትተዉት፤ መዝሙር በመዝሙር እንደገና አገናኙት። ለዚህኛው አልበም ያልተቆረጠውን የካሜራ ፋይል በሙሉ እንዲልኩልኝ ጠይቄያለሁ። ካርዶቹን እንዳትደመስሱ ብዬ ሦስት ሰው ጋ ደውያለሁ።

አራትም ይሁን አምስት፣ መብራት። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሚክሰሩ ግን ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ፣ ዲጂታል ሚክሰሩ እንደገና ተከፍቶ፣ ላፕቶፑ መልሶ እስኪያውቀው ድረስ መዝሙሩ ያልቃል። ሚክሰሩ፣ ስቴጅ ቦክሱና ላፕቶፑ በዩፒኤስ ይሁኑ፤ ስፒከሩን አትጨምሩበት፣ አይችለውም። የመድረክ መብራቱና ድምፁ ከአንድ መስመር አይሳቡ። ቤዝ ጊታሩ ላይ ኸም ካለ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት ተጫኑ። የኤሌክትሪክ ገመዱን የምድር መስመር የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ ግን እጁን ያዙት፤ ኸሙን ሊያጠፋ ብሎ ዘማሪ ይገድላል። ብረት ማይክ ከንፈሩ ላይ የያዘ ሰው ነው መድረኩ ላይ ያለው።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅዱ። ይህ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ሐምሌ ላይ ቀጠሮ ይያዛል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከዚያ «አጽዳው» እባላለሁ። የቆርቆሮ ዝናብ ሰፊ ጫጫታ ነው፤ የሚያጸዳው ሶፍትዌር የዘማሪውን ድምፅም አብሮ ይበላዋል።

የዝግጅት ኮሚቴዎችንም ሳላነሳ አላልፍም። ለስክሪኑ በጀት አለ፣ ለጭሱ አለ፣ ለካሜራ ክሬን አለ፣ ለዩኒፎርም አለ። ስብሰባው ወራት ይፈጃል፤ ድምፅ የሚሠራው ሰው አንዱም ላይ አይጠራም። ቅዳሜ ማታ ይደወልለታል። ስለ ክፍያ ሲጠይቅ «አገልግሎት እኮ ነው» ይባላል፤ ስክሪን አከራዩ ግን አገልግሎት ነው አልተባለም። ሚክሰሩ ጋ የሚቀመጡት ወጣቶች ማንም ሳያስተምራቸው ዓመት ከዓመት በፍላጎታቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ማይክ በጮኸ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ ደኅና በሆነበት ቀን የሚያመሰግናቸው የለም። እዚሁ አዲስ አበባ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ደርግ በ1977 እስኪወርሰው ድረስ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለ ሠለጠነ የድምፅ ሰው አይቆምም። ዛሬ ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠርቶ ለድምፅ ሰው ሥልጠና አንድ መስመር በጀት የማይመድብ ቤተ ክርስቲያን ሲያጋጥመኝ ያመኛል። ሽማግሌዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፦ ከሚቀጥለው የስክሪን ግዢ በፊት ልጆቹን አንድ ጊዜ ጠርታችሁ ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቋቸው።

ፋይል ስትልኩልኝ። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፤ ቪዲዮው 48 ነውና 44.1 አትላኩ። 32 ትራክ በዚህ ልክ በሰዓት 16.6 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የሦስት ሰዓት ፕሮግራም 50 ጊጋ ነው፣ ዲስኩን ቀድማችሁ ባዶ አድርጉ። ትራኮቹ ስም ይኑራቸው። «ኦዲዮ 17» ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሁሉም ትራክ ከአንድ መነሻ ይጀምር፣ መሃሉ አይቆረጥ፤ በመዝሙሮቹ መካከል ያለውን ጸሎትና እልልታ አታውጡብኝ። ሁለት ቅጂ ይኑር፣ ሁለቱ በአንድ ቦርሳ አይሂዱ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉ። የአዳራሹን ርዝመት፣ ጣሪያው ምን እንደሆነ፣ ስፒከሮቹ የት እንደቆሙና ሚክሰራችሁ ምን እንደሆነ ግለጹልኝ፤ ማይክ የት እንደምትተክሉ እነግራችኋለሁ። «ምርጡ ማይክ የቱ ነው» ለሚለው መልስ የለኝም፤ አዳራሹን ሳላውቅ አልመልስም።