የጎረቤት አገሮች የኤኮኖሚ ኅብረትና የበጀት ደንብ ከወረታ ገበያ ሲታይ

ጎረቤት አገሮች ገበያቸውን አንድ ለማድረግ ሲስማሙ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለሚገኘው ጥቅም ነው። በጋራ የሚገኘው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈልና ጉድለት ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ይህንኑ ሁለተኛውን ጉዳይ ነው። ለምሳሌም ከጣራ ገዳም በስተ ደቡብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳና ገበያውን ወረታን መርጠናል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ፣ ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል ከሚመጣው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የወልድያው መንገድ በሚሌ በኩል ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ ያደርሳል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ ደግሞ ሩዝ በሰፊው ይመረታል። ስለዚህ የጎረቤት በር መከፈትና መዘጋት የወረታን ነጋዴና የፎገራን ገበሬ በቀጥታ ይነካል።

የኤኮኖሚ ኅብረት ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ነጻ ንግድ ሲሆን፣ አባሎቹ በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ ያነሣሉ፤ በውጭ ዕቃ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቀረጥ ይጥላል። እንግዲህ አንዱ አባል በእስያ ሩዝ ላይ አነስተኛ ቀረጥ ቢጥል፣ ያው ሩዝ በእርሱ በኩል ዞሮ ወረታ ሊደርስ ይችላል። ይህን ለመከላከል ዕቃው የት እንደ ተመረተ የሚያስመሰክር ደንብ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ይህን ደንብ ይዟል።

ሁለተኛው ደረጃ የጉምሩክ አንድነት ነው። በዚህ ጊዜ ዕቃው በአንዱ ወደብ ገብቶ በሌላው አገር ቢሸጥ ቀረጡ የማን ነው? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በፌዴሬሽን ሲተሳሰሩ አንድ የጉምሩክ ክልል ሆኑ፤ መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ የሆነ ዕቃ ቀረጥም ለኤርትራ እንዲሰጥ ተደነገገ። ነገር ግን ጉምሩኩ በፌዴራሉ መንግሥት እጅ ስለ ነበረ የድርሻው መጠን የክርክር ምክንያት ሆነ። ፌዴሬሽኑም በሌሎች ከባድ ምክንያቶች ጭምር በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ።

ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ የጋራ ገንዘብ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም ብርን መጠቀሟን ቀጠለች። ብሩን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ የኤርትራ መንግሥት በጀቱን የሚቆርጠው ለብቻው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ሁለቱ ገንዘቦች በእኩል ዋጋ እንዲመነዘሩ ፈለገች፤ ኢትዮጵያ ግን ከጥቃቅን የድንበር ንግድ በቀር ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን ወሰነች። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱን ያመጣው የገንዘብ ጠብ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱም ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ሌሎች ኅብረቶች ይህን አደጋ በደንብ ለመግታት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የማስትሪኽት ውል የአውሮፓ መንግሥታት የበጀት ጉድለት ከአገር ውስጥ ምርት ከ3 በመቶ፣ ዕዳቸውም ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረመው ውል ለጉድለቱ 3፣ ለዕዳው 50 በመቶ ወሰን አድርጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመንና ፈረንሳይ ወሰኑን ሲተላለፉ ቅጣቱ ታገደላቸው። ከዚህም የምንረዳው ደንብ ያለ ዳኛ ብርቱውን እንደማያስር ነው።

ጉዳዩ እስከ ገበሬው ደጃፍ ይደርሳል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ሲሆን፣ የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር ግን የክልሉ ነው። ፌዴራሉ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ማከፋፈያ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እንግዲህ በስምምነት ምክንያት ቀረጥ ሲቀነስ የጎደለው ገቢ በሌላ ካልተተካ፣ የክልሉ ድጎማ፣ ከዚያም የፎገራ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በጀት ሊሳሳ ይችላል።

ስለዚህ ኅብረት መልካም መሆኑን ብንቀበልም፣ ከፊርማው በፊት ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል እንላለን፤ ገቢውን የሚቈጥረው ማን ነው? ጉድለቱን የሚሸከመው ማን ነው? በክርክር ጊዜስ ዳኛው ማን ነው?