ኪንታሮት ነው እየተባለ፦ የትልቁ አንጀት ካንሰርና ወጣት ታማሚዎቹ

የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ማለትም ከትንሹ አንጀት ማብቂያ እስከ ፊንጢጣ በሚደርሰው ክፍል ላይ የሚነሳው አደገኛ ዕጢ፣ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሩቅ አገር ሰዎችና የአዛውንቶች በሽታ ተደርጎ ሲታሰብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ፣ ይህ በሽታ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች በግንባር ቀደምነት የሚሰለፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ከታማሚዎቹም ቀላል የማይባሉት ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት አገር ይህ በከፊል የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የወጣቶች ሕመም በበለጸጉት አገሮችም እየጨመረ በመምጣቱ፣ በአሜሪካ የልየታ ምርመራ፣ ማለትም ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው አስቀድሞ መመርመር፣ የሚጀመርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተመክሯል።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከተባለ፣ በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ ሥጋ ሲሆን፣ ይህ ሥጋ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዐሥር ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ኮሎኖስኮፒ በሚባለው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በሚደረግ ምርመራ ፖሊፑ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቅጽበት ተቆርጦ ይወጣል። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ100 ታማሚዎች 90 ያህሉ አምስት ዓመት የሚሻገሩ ሲሆን፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ከተሰራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 15 ገደማ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ በአሊዩ አምባ ሆኖ ማሰብ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ከአንኮበር ተራራ ግርጌ ወደ ቆላው በሚወርደው ተዳፋት ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ ለሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ የነበረች ስመ ጥር የገበያ ስፍራ ናት። ዛሬ ከዚህ ተነስቶ የካንሰር ሕክምና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ አንኮበር ሽቅብ መውጣት፣ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን መድረስ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠበቅበታል። ሆኖም ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ጊዜ የሚበላው በመንደር ውስጥ ለበሽታው የሚሰጠው ስም ነው። በሰገራ ላይ ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው»፣ ሆድ ሲቆርጥ «አሜባ ነው»፣ ጉልበት ሲከዳ «ደም ማነስ ነው» ይባላል፤ እነዚህ ሕመሞች በእርግጥም በብዛት ስላሉ ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒቱ ተወስዶ አልቆ ደሙ ሲመለስ፣ ያው ስም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰጥ ነው። የወር አበባ የማያይ ወጣት ወንድ ያለ በቂ ምክንያት ደሙ ካነሰ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል ቢገኝበትና ቢታከም እንኳ፣ ደሙ እንደገና ሊለካለትና ካልተሻሻለም ሪፈር ሊጻፍለት ይገባል።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ አንድ እውነት አለ። ከፊንጢጣ ካንሰሮች ብዙዎቹ በሐኪም ጣት ሊደረስባቸው የሚችሉ ናቸው፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ጓንት፣ ማለስለሻ ቅባትና ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ብቻ ነው። ታማሚው በሐፍረት፣ ባለሙያው በወረፋ ብዛት ይህን ደቂቃ ሲያልፉት ወራት ይታለፋሉ። ኮሎኖስኮፒ በየወረዳው እስኪደርስ ድረስ ይህ ምርመራ የሚችለውን ያህል ሊሠራበት ይገባል።

በሽታው ከተሰራጨ በኋላ፣ ማለትም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የሚታወቅባቸው ወጣቶችም ሕይወታቸው በዚያው ቀን አያበቃም። በጉበት ላይ ያለው ዕጢ ጥቂት ሲሆን በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ኬሞቴራፒም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ዕድሜ ያራዝማል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ኦክሳሊፕላቲን በቅዝቃዜ የሚባባስ የጣትና የከንፈር ንዝረት ያስከትላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ወይም ብረት መንካት እንደ መርፌ ይወጋል። ከሞቃቱ አሊዩ አምባ ወጥቶ የአንኮበርን ጉም፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ አቋርጦ ለሚመላለስ ታማሚ፣ ጓንትና የአንገት ፎጣ የሕክምናው አካል መሆናቸውን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ዕጢው መተላለፊያውን ሲዘጋ ሐኪሞች አንጀቱን በሆድ ቆዳ ላይ አውጥተው ሰገራው በከረጢት እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ይህም ኮሎስቶሚ ይባላል። የሚታየው አንጀት እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነካ አያምም፤ ዙሪያው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ከረጢቱ ታጥቶ በፌስታልና በጨርቅ ሲተካ ግን ቆዳው ይላጣል፣ ሽታውም ሰውን ከገበያና ከለቅሶ ያርቃል። ለአንድ ያላገባ ወጣት ከሞት ፍርሃት ባልተናነሰ የሚከብደው ይህ መገለል ነው። በእስልምና ሕግ እንዲህ ያለ ሰው ባለ ዑዝር፣ ማለትም በሕመሙ ምክንያት ቅለት የተደረገለት ሆኖ ለየሰላቱ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ የተፈቀደለት ሲሆን፣ ክርስቲያኑም ጾሙንና ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ሊነጋገርበት ይችላል፤ ሆኖም ብዙዎች ሳይጠይቁ በሐፍረት ይቀራሉ። ለወጣቱ ሌላም ስጋት አለ፤ በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ የነበረው የጨረር ሕክምና በዳሌ አካባቢ ሲሰጥ መውለድን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ይህም ጉዳይ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሊነሳ ይገባል።

ታማሚው ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት ይህን ያህል ከባድ ቢሆንም፣ መደበቁ ለቤተሰቡ ዋጋ ያስከፍላል። የበሽታው ዝንባሌ በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል፣ የታማሚው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች በ40 ዓመታቸው፣ ወይም እሱ ከታመመበት ዕድሜ ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ ከሁለቱ በቀደመው መመርመር እንዲጀምሩ ይመከራል። ስለዚህ በ34 ዓመቱ የታወቀበት ሰው በቤቱ የ24 ዓመት እህት ካለችው፣ የእሷ ጊዜ ዛሬ ነው፤ ለዚህም ወንድሟ የታመመበትን የአካል ክፍል በትክክለኛ ስሙ መጥራት አለበት።