አጭር ጠመንጃና ጥይቱ፤ ከሶባ ሠፈር የተገኘ ትምህርት

ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በአፈሙዙና በሰደፉ ላይ ነው። አስቀድሞ ሊመረጥ የሚገባው ግን ጥይቱ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ዘወትር ይፈለጋልና። ይህን ነገር ለአገር አስተዳዳሪም ሆነ ለነጋዴ ከሶባ ታሪክ ይልቅ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

ሶባ ከካርቱም ወደ ደቡብ ጥቂት ራቅ ብላ በጥቁር ዓባይ ዳር የምትገኝ፣ በጥንት ዘመን የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መዲና የነበረች ስፍራ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ከገቡ በኋላ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በዚህች ስፍራ በእንግሊዝ መኮንኖች እየተመሩ የጦር ትምህርት ተማሩ። ከዚያ የወጡ መኮንኖችም ኋላ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ለከፍተኛ ማዕረግ በቅተዋል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ሲሻገሩ በጎጃም የነበሩት አርበኞች የያዙት መሣሪያ ልዩ ልዩ ነበር። ከእንግሊዝ የሚመጣው ጥይት የ7.7 ሚሊሜትር ሲሆን ከጣሊያን የሚማረከው የ6.5 ሚሊሜትር ነበር፤ አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይገባም። የጣሊያን ሞስኬቶ አፈሙዙ 45 ሳንቲሜትር ያህል በመሆኑ ለፈረሰኛና ለዱር ተዋጊ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ጥይቱ የሚገኘው ከጠላት እጅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ረዘም ይላል፤ አፈሙዙ 64 ሳንቲሜትር ነው፤ ዳሩ ግን ጥይቱ ከሱዳን በግመል ሊመጣ ይችላል።

የአፈሙዝ ማጠር ዋጋ ያስከፍላል። ለረጅም ጠመንጃ የተሠራ ጥይት በአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ባሩዱ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ አረሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ነበልባሉና ድምፁ ይበረታል። እንግሊዞች በ1936 ዓ.ም. ገደማ ይህንኑ የ7.7 ጥይት 48 ሳንቲሜትር አፈሙዝ ላለው አጭር ጠመንጃ ባዋሉት ጊዜ በአፈሙዙ ጫፍ የነበልባል መሸፈኛ፣ በሰደፉም ላይ ጎማ መጨመር ግድ ሆነባቸው፤ እንዲያም ሆኖ ተኳሾቹ ከማማረር አልቦዘኑም።

የጣሊያን ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በአፍሪካ ዘመቻዎች የ6.5 አረር ኃይል አነሰ ተብሎ በ1930 ዓ.ም. ወደ 7.35 ሚሊሜትር ሊለውጡት ወሰኑ፤ አረሩም ከ10.5 ግራም ወደ 8.3 ግራም ቀለለ። በ1932 ዓ.ም. ግን ወደ ታላቁ ጦርነት ሲገቡ ሁለት ዓይነት ጥይት ለአንድ ጦር ማዳረስ ከባድ ስለ ሆነባቸው ወደ 6.5 ተመለሱ። የተሻለው ጥይት በሚገኘው ጥይት ተሸነፈ ማለት ነው።

ነጋዴ ይህን በሒሳብ ይረዳዋል። የእንግሊዙ ጥይት አንዱ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እንግዲህ 150 ኪሎ የሚሸከም ግመል የሣጥኑን ክብደት ሳንቆጥር 6,000 ጥይት ይጭናል። አሜሪካኖች በ1934 ዓ.ም. ያወጡት ካርቢን ግን ጥይቱ ከመነሻው ለአጭር ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ 13 ግራም ያህል ስለ ሆነ ያው ግመል ከ11,000 በላይ ይጭናል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ የያዙት ይኸው ካርቢን አፈሙዙ 46 ሳንቲሜትር ሲሆን ከሞስኬቶው ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ቢሆንም በእጅ የሚቀልና ርግጫውም የለዘበ ነው። በአንጻሩ ከ300 ሜትር ወዲያ ኃይሉ ይደክማል፤ ሸለቆ ተሻግሮ ለሚተኩስ ሰው አይበጅም።

ስለዚህ አጭር ጠመንጃ የሚመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጥይቱ በየት መንገድ ይመጣል? በስንት ሜትር ርቀት ይተኮሳል? ለዚያ አፈሙዝ ልክ ተሠርቷልን? ዛሬም በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠየቅበት ስለ ሆነ የጥበቃ ጓድ የሚያስታጥቅ ኃላፊ ከፈቃዱ ጋር የጥይቱን ዓይነት አንድ ቢያደርግ ግምጃ ቤቱ ሥርዓት ይይዛል። ጥይቱ የታጣለት ጠመንጃ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከበትር አይሻልም።