አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይደለም
የገበሬ ማኅበራት በግዢ ጊዜ ሊያውቁት የሚገባ ስሌት

ድሬዳዋ፦ ከዋሂል፣ ከቢዮ አዋሌና ከጀልዴሳ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚመጣው ገበሬ እህሉን የሚሸጠው በኪሎ ወይም በኩንታል ሲሆን፣ የምግብ ዘይት የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ነው። ሁለቱን መለኪያዎች እንደ አንድ መቁጠር በማኅበር ደረጃ ሲሆን ከፍተኛ ኪሳራ ያስከትላል።

ሊትር የሚለካው ዘይቱ የያዘውን ቦታ ነው፤ ኪሎ የሚለካው ደግሞ ክብደቱን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ብዙ ሰው ዘይትም እንዲሁ ይመስለዋል። ነገር ግን ዘይት በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ከውሃ ስለሚቀል ነው። የለውዝ፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት በ20 ዲግሪ ሙቀት አንዱ ሊትር 0.92 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ በድሬዳዋ የቀን ሙቀት አንዱ ሊትር ወደ 0.91 ኪሎ ዝቅ ይላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሊትርን ወደ ኪሎ ለመለወጥ ሊትሩን በ0.91 ማባዛት፣ ኪሎን ወደ ሊትር ለመለወጥ ደግሞ ኪሎውን ለ0.91 ማካፈል ነው። በዚህ መሠረት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚይዘው ዘይት 18.2 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ 20 ኪሎ ዘይት ግን 22 ሊትር ያህል ይሆናል።

አንድ ማኅበር ለአባላቱ 100 ጀሪካን ገዝቶ እያንዳንዱን እንደ 20 ኪሎ ቆጥሮ ቢከፍል፣ የ2,000 ኪሎ ዋጋ ከፍሎ የሚረከበው 1,820 ኪሎ ነው። የጎደለው 180 ኪሎ ዐሥር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘይት ነው።

ለውዝ አስጨምቆ ዘይቱን የሚረከብም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የተጨመቀው ዘይት በሚዛን 40 ኪሎ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሊረከብ የሚገባው 44 ሊትር ያህል ነው። በ40 ሊትር ከተሰናበተ አራት ሊትር ቀርቶበታል።

ስሌቱን የሚጠራጠር ሰው በአንድ ጠርሙስና በሚዛን ሊያረጋግጠው ይችላል። በመጀመሪያ ባዶውን ጠርሙስ መመዘን፤ ቀጥሎ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ መመዘን፤ ከዚያም በደንብ አድርቆ እስከዚያው ልክ ዘይት ሞልቶ መመዘን። ከሁለቱም የባዶውን ክብደት ከቀነሱ በኋላ የዘይቱን ክብደት ለውሃው ክብደት ሲያካፍሉ ከ0.91 ወይም ከ0.92 ብዙ የማይርቅ ቁጥር ይገኛል። ጀሪካን ሲመዘንም እንዲሁ የባዶው ክብደት መቀነስ አለበት።

የሚረጋው የፓልም ዘይት ወደ ደጋ ሲወሰድ ረግቶ መጠኑ ያነሰ ይመስላል፤ ይህም አባላትን ያጠራጥራል። ክብደቱ ግን በቆላም ሆነ በደጋ ያው ነው። ስለዚህ ለርክክብ ይበልጥ የሚያስተማምነው ሚዛን ነው።

ይህ ቁጥር የሚሠራው ለምግብ ዘይት ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አንድ ሊትር ላምባ 0.8 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

የማኅበራት መሪዎች፣ ገንዘብ ያዦችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት መለኪያው ሊትር ይሁን ኪሎ መጠየቅ፣ በደረሰኙም ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ሁለት ነጋዴዎች አንዱ በሊትር ሌላው በኪሎ ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ ሳይለውጡ የትኛው እንደሚረክስ ማወቅ አይቻልም።